ጥምጥሙና ትምህርቱ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት፥ ሳይማር የተማረ መስሎ ለመታየት የሚሻውን ሰው ለመገሠጽ ነው። ነገር ግን የዚህ ምሳሌ ግልባጭ የሆነ ሌላ ስሕተት አለ። ይኸውም ጥምጥሙ ስለበዛ ብቻ፥ ከጥምጥሙ በታች ያለውን ራስ ባዶ ነው ብሎ መፍረድ ነው። ዛሬ ማታ የምተርክላችሁ እንዲህ ያለ ፍርድ ስለ ደረሰበት አንድ የአሜሪካ የሙዚቃ ቡድን ነው፤ ስሙም ሲንደሬላ ይባላል። እኔ የዚህ ቡድን ወዳጅ መሆኔን አልሸሽግም። ስለዚህ ንግግሬን እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ጠበቃ ቃል አድርጋችሁ ስሙት፤ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ሲንደሬላ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ አካባቢ ተመሠረተ፤ ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። መሥራቾቹ የዘፈኖቹ ደራሲ፥ ዘፋኝና ጊታር መቺ የሆነው ቶም ኪፈርና የባስ ጊታር ተጫዋቹ ኤሪክ ብሪቲንግሃም ነበሩ። በኋላም ጊታር መቺው ጄፍ ላባርና ከበሮ መቺው ፍሬድ ኩሪ ተጨመሩ።

ዘመኑ ግላም ሜታል የሚባለው ሙዚቃ የገነነበት ነበር። የኤሌክትሪክ ጊታሩ ድምፅ ጆሮ ይሰነጥቃል፤ ተጫዋቾቹም ጠጕራቸውን አስረዝመው ወደ ላይ ያቆሙታል፥ ዓይናቸውን ይኳላሉ፥ ቆዳና የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ይለብሳሉ። ኤም ቲ ቪ የተባለው የሙዚቃ ቴሌቪዥን በ1981 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፥ ዘፋኝ ከመደመጡ በፊት የሚታይ ሆኖ ነበርና፥ ሲንደሬላም እንደ ጓደኞቹ ያንን ጥምጥም ጠመጠመ።

በ1985 ዝነኛው ዘፋኝ ጆን ቦን ጆቪ ይህን ቡድን በፊላደልፊያ አንድ የሙዚቃ ክበብ ውስጥ አይቶ ወደደው፤ ለሸክላ አሳታሚዎቹም አመሰገነው። በዚህም ምክንያት በ1986 «የሌሊት ዘፈኖች» የሚል ትርጕም ያለው የመጀመሪያው ሸክላ ወጣ። በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ እስከ 3ኛ ደረጃ ደረሰ፤ በዚያው አገር ብቻ 3 ሚሊዮን ቅጂ እንደ ተሸጠም ተመሰከረለት።

እንግዲህ ክሱ የተመሠረተው በዚህ ሸክላ ላይ ነው። ከሳሾቹ፥ «ሽፋኑን ተመልከቱ፤ ጠጕርና ኩል እንጂ ሌላ ምን አለ?» ይላሉ። እኔም ጠበቃ ብሆን እውነቱን አልክድም። በመጀመሪያው ሸክላ ላይ የኪፈር ሻካራ ጩኸት ኤሲ ዲሲ የተባለውን የአውስትራልያ ቡድን በጣም ያስታውሳል፤ ልብሱንም ቢሆን በግድ ያለበሳቸው የለም።

ነገር ግን ሰው የሚመዘነው ሀብት ከማግኘቱ በፊት ባደረገው ብቻ ሳይሆን፥ ካገኘ በኋላ በሚያደርገውም ነው። ያንኑ ሸክላ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ መሸጥ ለሲንደሬላ ቀላሉ መንገድ ነበር። በ1988 የወጣው «ረዥሙ ቀዝቃዛ ክረምት» ግን የሚጀምረው በጩኸት አይደለም። ጣት ላይ በሚጠለቅ ቱቦ አውታሩን እያንሸራተቱ በሚመቱት ጊታር፥ በብሉዝ ዜማ ይጀምራል። ብሉዝ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍላተ ሀገር የነበሩ ጥቁሮች ከባርነትና ከድህነት መከራ ውስጥ ያፈለቁት እንጉርጉሮ ሲሆን፥ የሮክ ሙዚቃ ሁሉ ከእርሱ ምንጭ ጠጥቷል። እነዚህ ኩል የተኳሉ ወጣቶች ዝና ባገኙ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ምንጩ መለሱ። የሸክላው ስም መጠሪያ የሆነው ዘፈንም በዝግታ የሚያዘግም እውነተኛ ብሉዝ ነው። ከዚሁ ሸክላ፥ ሰው የያዘውን የሚያውቀው ካጣው በኋላ መሆኑን በስሙ የሚናገረው ዘፈን 12ኛ ደረጃ ደረሰ። የእኛ አባቶች «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ያሉት ይህንኑ አይደለምን?

በ1989 ነሐሴ ወር ቡድኑ በሞስኮ ሌኒን ስታዲየም በተደረገው ታላቅ የሙዚቃ በዓል ላይ ተጫወተ። በ1990 ሦስተኛውን ሸክላ ሲያወጣ ጥምጥሙ ይበልጥ ቀለለ፤ ትምህርቱ ይበልጥ ታየ። ስሙን ለሸክላው በሰጠው ዘፈን የሚሰማውን የቫዮሊኖች ኅብረ ዜማ ያቀናበረው የሌድ ዘፕሊኑ ጆን ፖል ጆንስ ነው። ለታይታ ብቻ የቆመ ቡድን እንዲህ ባለው መንገድ አይደክምም።

ከሳሾቹ ደግሞ፥ «የፋሽን ልጅ ነበር፤ ፋሽኑ ሲያልፍ አብሮ አለፈ» ይላሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። በ1991 ከሲያትል የተነሣው አዲስ ሙዚቃ አሮጌውን ጠራርጎ እንደ ወሰደ አልክድም። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሌላ ነገር ሆነ። የቶም ኪፈር የግራ ድምፅ አውታር ሽባ ሆነ፤ ዳግመኛም ላይዘፍን እንደሚችል ተነገረው።

አድማጮቼ ሆይ፤ እንጀራውን በድምፁ ለሚበላ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ፥ በማይክሮፎን ፊት የሚቀመጥ ሁሉ ያውቀዋል። ጸሐፊ ብዕሩ ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ ድምፅ ግን የሚሸጥበት ሱቅ የለም። ኪፈር በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በሚሊዮኖች ፊት የዘፈነው ሰው እንደ ፊደል ቈጣሪ ሕፃን ከአስተማሪ ፊት ተቀምጦ ድምፅ ማውጣትን እንደ ገና ተማረ። አራተኛው ሸክላ በ1994 ሲወጣ ገበያው ዘግቶበት ነበር፤ ቡድኑም የአሳታሚ ውሉን አጣ። ሆኖም ኪፈር አልተወውም። ቡድኑን ይዞ እንደ ገና ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2013 ደግሞ በራሱ ስም የመጀመሪያውን ሸክላ አወጣ። ጄፍ ላባር በሐምሌ ወር 2021 ሲሞት፥ የቀድሞው ሲንደሬላ እንደ ገና የመሰብሰቡ ተስፋ አብሮ ተቀበረ።

ሲንደሬላ የሚለው ስም የመጣው፥ በምድጃ አመድ ተሸፍና መልኳ ሳይታወቅ ከቀረች ልጃገረድ ተረት ነው። የዚህ ቡድን ዕጣ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ፤ እርሱን የሸፈነው አመድ ሳይሆን ብልጭልጩ ልብስ ነው። አመዱም ሆነ ብልጭልጩ መጋረጃ ነውና፥ መጋረጃውን ገልጦ ማየት የፈራጁ ፈንታ ነው። እኛም በየጽሕፈት ቤታችን ባለጉዳይ ሲገባ፥ አቤቱታውን ከማንበባችን በፊት ካባውን ወይም ቡትቶውን ስንት ጊዜ አንብበናል?

ሁለተኛውን ሸክላ ያገኘ ሰው፥ ሽፋኑን ገልብጦ አስቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ያድምጠው። ከዚያ በኋላ ይፍረድ።

ደኅና እደሩ።