የመጠባበቂያ ቴፕ አቅም

የመጠባበቂያ ቴፕ አቅም አንድ የማግኔት ቴፕ ካርትሪጅ ሊይዝ የሚችለው የመረጃ መጠን ነው። ለመጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) በስፋት ከሚያገለግሉት የቴፕ ዓይነቶች አንዱ ኤልቲኦ ሲሆን፣ ደረጃውን በጋራ ያወጡት ኤይችፒ፣ አይቢኤም እና ሲጌት ናቸው። የመጀመሪያው ትውልድ በ2000 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቴፕ ያለጊዜው ሲሞላ ቅጂው ሳያልቅ ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

== ሁለቱ ቁጥሮች ==

ለእያንዳንዱ ትውልድ ሁለት አቅም ይነገራል። መሠረታዊው አቅም ቴፑ በእርግጥ የሚይዘው ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ቁጥር ግን ድራይቩ መረጃውን ሲያምቅ ይገኛል ተብሎ የተገመተ ነው።

* ኤልቲኦ-5 (2010 እ.ኤ.አ.)፦ 1.5 ቴራባይት፤ ሲታመቅ 3
* ኤልቲኦ-6 (2012 እ.ኤ.አ.)፦ 2.5 ቴራባይት፤ ሲታመቅ 6.25
* ኤልቲኦ-7 (2015 እ.ኤ.አ.)፦ 6 ቴራባይት፤ ሲታመቅ 15

ጽሑፍና ዳታቤዝ በደንብ ይታመቃሉ። ቪዲዮ፣ የጄፔግ ፎቶ፣ የዚፕ ፋይል እንዲሁም ድራይቩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የተመሰጠረ መረጃ ግን ከዚያ በላይ አይታመቅም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቪዲዮ የተጻፈበት ኤልቲኦ-6 ቴፕ 2.5 ቴራባይት ላይ ቢሞላ ብልሽት አይደለም። በ1024 እያባዛ የሚቆጥር ሶፍትዌር ደግሞ ይህንኑ መጠን 2.27 አድርጎ ያሳየዋል።

== ከመሠረታዊው አቅም በታች ሲሞላ ==

ድራይቩ የጻፈውን ወዲያው መልሶ ያነብባል፤ ስህተት ካገኘ ያንኑ መረጃ ቀጥሎ ባለው የቴፑ ክፍል ላይ ደግሞ ይጽፈዋል። የድራይቩ ራስ ሲቆሽሽ ወይም ቴፑ ሲያረጅ ድግግሞሹ እየበዛ ቦታውን ይጨርሳል።

ሶፍትዌሩም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ባኩላ የመጻፍ ስህተት ሲያጋጥመው የቴፑ መጨረሻ እንደደረሰ ቆጥሮ ቴፑን «ሙሉ» ብሎ ይመዘግበዋል። በዚህ የተነሳ የተበላሸ ገመድ እንኳ የሞላ ቴፕ መስሎ ሊታይ ይችላል። በተጨማሪም በቴፕ ላይ የሚጻፈው በተከታታይ ስለሆነ፣ የድሮ ቅጂን ከሶፍትዌሩ መዝገብ መሰረዝ ብቻውን ቦታ አያስለቅቅም።

== የምርመራ ቅደም ተከተል ==

# በቴፑ ላይ የተጻፈውን የባይት መጠን ከትውልዱ መሠረታዊ አቅም ጋር ማነጻጸር።
# በሶፍትዌሩ ላይ የቴፕ መጠን ገደብ መኖሩንና ቴፑ የቆየ ቅጂ መያዙን ማየት።
# መረጃው አስቀድሞ መታመቁን ወይም መመስጠሩን ማጣራት።
# በሎግ ፋይሉ ውስጥ የመጻፍ ስህተት ካለ ድራይቩን በማጽጃ ካርትሪጅ አጽድቶ በአዲስ ቴፕ መሞከር። ችግሩ በአዲሱም ከቀጠለ ድራይቩና ገመዱ ይጠረጠራሉ፤ ከጠፋ የቀድሞው ቴፕ።
# ያለ መጠባበቂያ ሶፍትዌሩ፣ በባዶ ቴፕ ላይ የዘፈቀደ መረጃ እስኪሞላ መጻፍ። የዘፈቀደ መረጃ ስለማይታመቅ፣ ውጤቱ ወደ መሠረታዊው አቅም ከተጠጋ ድራይቩም ቴፑም ደህና ናቸው።

የሚያስፈልገው የቴፕ ብዛት መታቀድ ያለበት በመሠረታዊው አቅም ነው። የመጻፍ ስህተት በተደጋጋሚ የታየበት ቴፕ የአንድ መረጃ ብቸኛ ቅጂ መያዣ መሆን የለበትም።