ያልተመዘገበው በረራ

ከባሕር ጠለል በላይ በ100 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኘውና የካርማን መስመር በመባል የሚታወቀው ከፍታ የጠፈር መነሻ ወሰን ተደርጎ ይቆጠራል። ይህን ወሰን ለረዥም ዘመን የተሻገሩት መንግሥታትና ታላላቅ ድርጅቶች የሠሯቸው ሮኬቶች ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 በግል የተሰባሰቡ የሮኬት ወዳጆች በአሜሪካ ከኔቫዳ በረሃ ያስወነጨፉት ሮኬት ወሰኑን አለፈ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ ተማሪዎችስ ይችሉ እንደሆነ ነበር።

በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «የሮኬት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ» የተባለውን ቡድን በ2005 ሲያቋቁሙ ዓላማቸው ይህንኑ ጥያቄ በሥራ መመለስ ነበር። የሞተሩን ቀፎ ከካርቦን ጭረት ራሳቸው ጠመጠሙ፤ ነዳጁንም ራሳቸው ቀላቅለው አፈሰሱ። እንዲህ ያለው ጠጣር ነዳጅ ስንጥቅ ከተገኘበት የሚቃጠለው ገጽ በድንገት ይሰፋል፤ ግፊቱም ከመጠን ያልፍና ቀፎውን ይበጣጥሰዋል። ስለዚህ በዚህ ሙያ ትንሽ ጉድለት የሚባል ነገር የለም። በ2013 የተኮሱት «ትራቨለር 1» እና በ2014 የተከተለው «ትራቨለር 2» ሁለቱም በአየር ላይ ፈነዱ።

በዚሁ ጊዜ በአውሮፓ ፉክክሩ ተፋፍሞ ነበር። የሆላንድ የዴልፍት ተማሪዎች በ2015 እስከ 21.5 ኪሎ ሜትር ሲደርሱ፣ የጀርመን የሽቱትጋርት ተማሪዎች በ2016 ክብረ ወሰኑን ወደ 32.3 ኪሎ ሜትር ከፍ አደረጉት። የካሊፎርኒያዎቹ በ2017 «ፋዘም» በተባለው ሮኬት 44 ኪሎ ሜትር ገደማ በመድረስ ቀደሟቸው።

ይሁን እንጂ ለባለሙያ ትልቁን ትምህርት የያዘው በመስከረም 2018 የተደረገው የ«ትራቨለር 3» በረራ ነው። ሮኬቱ በሚገባ ተነሥቶ ከዓይን ተሰወረ፤ ምናልባትም ጠፈር ደርሶ ይሆናል። ነገር ግን የበረራውን ሁኔታ የሚመዘግበው መሣሪያ ከመተኮሱ በፊት ሥራ ስላልጀመረ አንዲት አኃዝ እንኳ አልተገኘችም። የብዙ ወራት ድካም ማስረጃ አጥቶ ቀረ፤ ያለ ማስረጃም ከክብረ ወሰን ሊቆጠር አልቻለም።

ቡድኑ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሚያዝያ 21 ቀን 2019 ከኒው ሜክሲኮ የተተኮሰው «ትራቨለር 4» ርዝመቱ 4 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በመሣሪያው ንባብ መሠረት 103.6 ኪሎ ሜትር ከፍታ ደረሰ። የስሕተቱ መጠን ግን ወደላይም ወደታችም 5 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ዝቅተኛው ግምት ወደ 98.5 ኪሎ ሜትር ይወርድ ነበር። ተማሪዎቹ ይህን አልደበቁም። ወሰኑን ማለፋቸውን በመቶ 90 እርግጠኝነት ብቻ አስታወቁ። በተማሪዎች እጅ ተሠርቶ ጠፈር የደረሰ የመጀመሪያው ሮኬት ተብሎ የተመዘገበውም ከዚህ ቅን አነጋገር ጋር ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2024፣ ተከታዮቻቸው ያስወነጨፉት «አፍተርሾክ 2» 143 ኪሎ ሜትር ደረሰ። በዚህ ጊዜ ለጥርጣሬ ቦታ አልቀረም።

በ2013 የመጀመሪያው ሮኬት ሲፈነዳ ያዘኑትና በ2024 የተደሰቱት ተማሪዎች የአንድ ዘመን ሰዎች አይደሉም። የተማሪ ቡድን አባላት በየአራት ዓመቱ ገደማ ተመርቀው ይበተናሉ፤ ልምዳቸውም አብሮ ይሄዳል። ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የሚሻገረው የፈነዳው ቀፎ መረጃ፣ የነዳጁ አቀላቀል መዝገብና ከማስወንጨፍ በፊት የሚታዩ ነጥቦች ዝርዝር ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ ድልድይም ሆነ ግድብ ለሚሠራ መሐንዲስ የ«ትራቨለር 3» ዝምታ ከፍንዳታዎቹ ይልቅ የሚያስጠነቅቅ ነው፤ የፈነዳው ሮኬት ስሕተቱን ሲያሳይ፣ ያልተመዘገበው ግን ስኬቱንም ስሕተቱንም ይዞ ጠፍቷልና።