የዳንሰኛዋ ቤት ቆሻሻ

ጠጋ በሉማ! ወሬው ከሩቅ ነው፣ ከፔሩ። ቀኖቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

በአንዲስ ተራሮች መሐል፣ አያኩቾ በምትባል ከተማ፣ አቢማኤል ጉዝማን የሚባል የፍልስፍና መምህር ነበረ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማራቸው ልጆች እነሱም መምህር እየሆኑ ወደየመንደራቸው ይመለሳሉ። ዳኛም ሐኪምም ረግጦት የማያውቀው መንደር የጉዝማን ሰው ቀድሞ ገባበት። የሚመራው የታጣቂ ቡድን ሴንዴሮ ሉሚኖሶ ይባላል። በ1980፣ አገሪቱ ከ12 ዓመት የወታደር አገዛዝ ወጥታ ልትመርጥ ስትል፣ በዋዜማው ቹስቺ መንደር ገብተው ኮሮጆውን አቃጠሉት።

ዋና ከተማዋ ሊማ ያሉት ሹማምንት ግን ከከብት ሌባ አልለዩዋቸውም። በ1982 የአያኩቾን ወህኒ ቤት ሰብረው ከ200 በላይ እስረኛ ሲያስፈቱ ነው መደንገጥ የመጣው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ጦር ዘመተ።

መዝመቱስ ባልከፋ። ወታደሩ ግን ገበሬው የሚናገረውን ኬችዋ አይሰማም፤ ገበሬውን ከታጣቂው መለየት አልቻለም፣ አንዳንዱም መለየት አልፈለገም። በ1985 አኮማርካ ላይ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ከ60 ሰው በላይ ፈጀ። ታጣቂውም ሁለት ዓመት ቀድሞ ሉካናማርካ ላይ 69 ገበሬ በመጥረቢያና በገጀራ ጨርሷል። እንግዲህ ገበሬው የት ይግባ?

ሲመርረው በየመንደሩ ተደራጅቶ ሌሊት ሌሊት ዘብ ይቆም ጀመር። ሮንዳ ይሏቸዋል። መንግሥት ገበሬ ማስታጠቅን ሲፈራ ኖሮ በ1991 የአደን ጠመንጃ እንዲይዙ በሕግ ፈቀደ። ጉዝማን ደጋውን ያጣው በእነሱ ነው፤ ሙገሳውን ሁሉ ለጄኔራሎቹ የሚሰጥ ካገኛችሁ አትመኑት።

ሰውዬው ራሱስ? በ1990 ቤኔዲክቶ ሂሜኔስ የሚባል የፖሊስ መኮንን በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ይዞ አንድ ትንሽ የክትትል ክፍል አቋቋመ። ገንዘብ የለ፣ መኪና የለ። ባልደረቦቻቸው መንፈስ አዳኞች እያሉ ያላግጡባቸዋል። ሥራቸው ግን ሌላ ነበር፤ ተጠርጣሪ ሲያገኙ ያዙኝ ልቀቁኝ አይሉም። ዝም ብለው ይከተሉታል፤ ማን ቤት ገባ፣ ከማን ጋር ቆመ፣ ምን ገዛ እያሉ። አንዱ ሰው ወደ ሌላው፣ ሌላው ወደ አንድ ቤት አደረሳቸው።

ቤቱ ሊማ ውስጥ ሱርኪዮ ሰፈር ነው። ከታች አንዲት ወጣት ዳንስ ታስተምራለች። ሰላዮቹ ቆሻሻ ሰብሳቢ መስለው ከደጇ የሚወጣውን እየወሰዱ ይበረብሩታል። እዚያ ይኖራሉ ለተባሉት ሰዎች በዛ! ከውስጡ የዊንስተን ሲጋራ ቁራጭ ወጣ፤ ጉዝማን የሚያጨሰው እሱን ነው። ቀጥሎ የሶሪያሲስ መድኃኒት፤ ጉዝማንን የሚያሠቃየው የቆዳ በሽታ ያ ነው። ይህን ቀደም ሲል ከፈተሿቸው ቤቶች አውቀውታል።

መስከረም 12 ቀን 1992 ማታ በሩን ገፍተው ገቡ። ፎቅ ላይ መምህሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። አንድም ሰው ሳይሞት ተያዘ። ፕሬዚዳንት ፉጂሞሪ ከአምስት ወር በፊት ሽብርን ልዋጋ ብለው ታንክ አውጥተው ምክር ቤቱን ዘግተዋል፤ ጉዝማን ሲያዝ ግን ዓሣ ሊያጠምዱ ሄደው ነበር። ታንኩ ለዚህ ሥራ ምን እንደጠቀመ እኔ አልገባኝም።

በኋላ የተቋቋመው የእውነት ኮሚሽን በጦርነቱ የሞቱትንና ደብዛቸው የጠፋውን 69 ሺህ ገደማ አድርጎ ገመታቸው፤ ከአራቱ ሦስቱ ኬችዋ ወይም ሌላ የነባር ሕዝብ ቋንቋ ተናጋሪ ነበሩ።

ጉዝማን በ2021 እስር ቤት ሞተ። የአፑሪማክ፣ የኤኔና የማንታሮ ወንዞች ሸለቆ ግን የኮካ ተክል እንጂ መንግሥት ብዙ የማይታይበት አገር ነው፤ የቡድኑ ርዝራዦችም እዚያ አሉ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር 16 ሰዎች በአንድ ሌሊት ተረሸኑበት፤ ጦሩም የእነሱ ሥራ ነው አለ።