የእንጨት የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችን ጉዳት በንዝረት ስለመመርመር

በሀገራችን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መስመሮች ለረጅም ዘመን የተዘረጉት ተባይና ብስባሽን በሚከላከል ኬሚካል በታከመ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ነው። በቅርብ ዓመታት የኮንክሪት ምሰሶ እየተተካ ቢሆንም በርካታ የእንጨት ምሰሶዎች ዛሬም አገልግሎት ላይ ይገኛሉ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ እንደምትገኘው አዲጋላ ባሉ ሞቃትና ደረቅ አካባቢዎች የእንጨት ዋነኛ ጠላት ምስጥ ነው። ሻጋታ መሰል የብስባሽ ተሕዋስያን ግን የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ካልሆነ በቀላሉ አይስፋፉም፤ በደረቅ አካባቢ ይህ እርጥበት የሚገኘው በአብዛኛው ምሰሶው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው።

ጉዳቱን በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። ኬሚካሉ በይበልጥ የሚሰርጸው በውጨኛው የእንጨት ክፍል ስለሆነ ውስጡ ተበልቶ ላዩ ጤነኛ መስሎ ሊቆይ ይችላል። ሆኖም ባዶ የሆነ ምሰሶ ሁሉ ወዲያውኑ ይወድቃል ማለት አይደለም። የመሐል ክፍተቱ የምሰሶውን ውፍረት ግማሽ ቢያክል እንኳ፣ ዙሪያው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ፣ ምሰሶው መጉበጥን የመቋቋም አቅሙን የሚያጣው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በአንጻሩ ውፍረቱ ከውጭ በኩል በአንድ አሥረኛ ቢቀንስ ከአቅሙ ከሩብ በላይ ያጣል። ስለዚህ እጅግ የሚያሳስበው በመሬት ወለል ዙሪያ የሚታይ መሳሳት ነው።

የንዝረት ምርመራ እንጨቱን ሳይቆርጡ የውስጡን ሁኔታ የሚገምቱበት ዘዴ ነው። ባለሙያው ምሰሶውን በአንድ ጎን በመዶሻ ይመታል፤ በሌላው ጎን የተገጠመ መሣሪያ ንዝረቱ ለማቋረጥ የፈጀበትን ጊዜ ይለካል። ንዝረቱ የተበላውን ቦታ ዞሮ ስለሚያልፍ ይዘገያል። የማቋረጫው ጊዜ ከጤነኛ እንጨት በ30 በመቶ ከጨመረ የጥንካሬው ግማሽ ያህል እንደጠፋ፣ በ50 በመቶ ከጨመረ ደግሞ እንጨቱ ክፉኛ እንደተጎዳ ይገመታል። ይሁንና በድርቀት የተፈጠረ ስንጥቅም ንዝረትን ያዘገያል። በመሆኑም አንድ ልኬት ብቻውን ምሰሶ ለማስነሳት በቂ አይደለም፤ በተለያየ አቅጣጫ ተለክቶ፣ አጠራጣሪው ቦታ በቀጭን መሰርሰሪያ ተበስቶ ሊረጋገጥ ይገባል።

ነዋሪዎች ምርመራውን በራሳቸው መሞከር የለባቸውም። የተዳከመ ምሰሶን መምታት፣ መነቅነቅ ወይም መውጣት ከነሽቦው ሊያስወድቀው ይችላል። ከብት በምሰሶ ላይ ማሰር፣ እሥሩ እሳት ማንደድና የእጣቢ ውኃ ማፍሰስም ጉዳቱን ያባብሳል። የምስጥ አፈር የወጣበት፣ ግርጌው የሳሳ ወይም ያዘመመ ምሰሶ ሲታይ ሕፃናትንና እንስሳትን በማራቅ በአቅራቢያ ለሚገኝ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ወይም በ905 የጥሪ ማዕከል ማሳወቅ ይገባል። በጥቆማው ላይ የቀበሌውን ስም፣ በአቅራቢያው ያለ የታወቀ ቦታና በምሰሶው ላይ ቁጥር ካለ ቁጥሩን መግለጽ ሠራተኞች ቦታውን ፈጥነው እንዲያገኙ ይረዳል። ሽቦው መሬት ከነካ ማንም ሊጠጋው አይገባም።