የጡረታ እንጀራና የመምህር አንደበት፦ አክሲዮን፣ የጡረታ ፈንድና አካዳሚያዊ ነጻነት በአሜሪካ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መድረክ ላይ በቃል ከቀረበው ንግግር የተዘጋጀ። ተለይተው ካልተጠቀሱ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ረዳት ሌክቸረር ሳለሁ፣ በአንድ ስብሰባ ላይ ሁላችንም የምናውቀው ጥፋት ሲሸፋፈን አንድ አንጋፋ መምህሬ ዝም ብለው ተቀመጡ። ስንወጣ ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ለጡረታዬ ሦስት ዓመት ቀርቶኛል» አሉኝ። ያን ጊዜ በመልሳቸው አፈርሁ። ዛሬ እኔም ወደዚያው ዕድሜ ስቃረብ ያን ፍርዴን እንደገና እየመረመርሁት ነው። የዛሬው ገለጻዬም ከዚያ ምርመራ የተወለደ ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ ያሉት ሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች በጡረታ ፈንድ ላይ ሲከራከሩ ሰንብተዋል። ሪፐብሊካኖች የሠራተኛው ገንዘብ ለአየር ንብረትና ለማኅበራዊ ፖለቲካ መሣሪያ ሆኗል ይላሉ። ዴሞክራቶች በበኩላቸው የአየር ንብረት ለውጥ ራሱ የአክሲዮንን ዋጋ የሚነካ አደጋ ስለሆነ ፈንድ አስተዳዳሪ ሊመዝነው ይገባል ይላሉ። ፕሬዚዳንት ባይደን በመጋቢት ወር 2023 በሥልጣን ዘመናቸው የመጀመሪያ የሆነውን የመሻር መብት የተጠቀሙት በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበር። ከዚህ ጎን ለጎን አፋቸውን የማይገቱ ፕሮፌሰሮች ጉዳይ በየጊዜው ይነሣል። ብዙዎች እነዚህን ሁለት የተለያዩና አዲስ ጠቦች አድርገው ይመለከቷቸዋል። የእኔ ክርክር ግን ጠቡ አንድ ነው፣ ዕድሜውም ከመቶ ዓመት ይበልጣል የሚል ነው። ከሥሩ ያለው ጥያቄም «የመምህሩን የሽምግልና እንጀራ የያዘው ማን ነው?» የሚል ነው።

ታሪኩን ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ልጀምር። ይህን ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ሌላንድ ስታንፎርድና ባለቤታቸው ጄን ስታንፎርድ ናቸው። ሌላንድ የባቡር ኩባንያ ባለሀብት፣ የካሊፎርኒያ ገዥና የሪፐብሊካን ፓርቲ ሴናተር ነበሩ። በ1893 ሲሞቱ በዩኒቨርሲቲው ላይ የመጨረሻው ቃል የባለቤታቸው ሆነ። በዚያ ኤድዋርድ ሮስ የተባለ ወጣት የምጣኔ ሀብት ፕሮፌሰር ያስተምር ነበር። ሮስ በ1896ቱ ምርጫ የዴሞክራቱን የብራያንን የብር ገንዘብ ፖሊሲ ደግፎ ጽፎ ነበርና ቅሬታው ያኔ ተጀመረ። በ1900 ደግሞ የከተማ ባቡሮች የሕዝብ ንብረት እንዲሆኑ ተናገረ፤ የጃፓን ስደተኞች እንዳይገቡ እንዲከለከሉም ተናገረ። የመጀመሪያው ንግግር የባለሀብቱን ወገን ጥቅም የሚነካ ነበር፤ ሁለተኛው በዘር ጥላቻ የተነከረ ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በወይዘሮ ስታንፎርድ ግፊት ከሥራው ለቀቀ።

ይህን የሮስን ሁለተኛ ንግግር የምጠቅሰው አካዳሚያዊ ነጻነት የጀግኖች ተረት ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው። ሮስ የተናገረውን ሁሉ የሚወድለት ሰው በዚህ አዳራሽ እንደማይኖር እገምታለሁ። ሆኖም ባልደረቦቹ የጠየቁት የንግግሩን መልካምነት አልነበረም፤ አንዲት ባለሀብት ብቻዋን የፕሮፌሰርን እንጀራ መቁረጥ ትችላለች ወይ ብለው ነበር። ድርጊቱን በመቃወም በርካታ መምህራን ሥራቸውን ለቀቁ። ከእነርሱ አንዱ አርተር ላቭጆይ የተባለ ወጣት የፍልስፍና መምህር ነበር። ይኸው ላቭጆይ በ1915 ከጆን ዲዊ ጋር ሆኖ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበርን መሠረተ። ማኅበሩ በዚያው ዓመት ባዘጋጀው መግለጫ ፕሮፌሰርን ከፌዴራል ዳኛ ጋር አነጻጸረው። ዳኛውን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ቢሆንም በፍርዱ አያዝበትም፤ ፕሮፌሰሩንም ቦርዱ ቢቀጥረው በሐሳቡ ሊያዝበት አይገባም ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልለፍ። በ1905 የብረት ከበርቴው አንድሩ ካርኔጊ ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ የሚውል 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡ የተሰጠው በዩናይትድ ስቴትስ ስቲል ኩባንያ ቦንድ ነበር። ልብ በሉ፤ የመምህሩ የእርጅና ተስፋ ያን ጊዜ በአንድ ታላቅ ኩባንያ ዕዳ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጡረታው ከመምህሩ መዋጮ አይጠይቅም። ዳሩ ግን በቤተ ክርስቲያን ሥር ያሉ ኮሌጆች ከዕድሉ ውጭ ስለተደረጉ፣ አንዳንዶቹ ጡረታውን ለማግኘት ሲሉ ከቤተ እምነታቸው ጋር የነበራቸውን ሕጋዊ ትስስር አቋረጡ። ለጋሹ አንዲት ቃል ሳይናገር የኮሌጆችን መተዳደሪያ ደንብ አስለወጠ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ነገር ተከተለ። በመጀመሪያ 25 ዓመት ያገለገለ ሁሉ ጡረታ መውጣት ይችል ነበር፤ በ1909 ፋውንዴሽኑ ይህን ዕድል፣ በጤና እክል መሥራት ከማይችሉት በቀር፣ ዘጋው። መምህራኑ አጉረመረሙ፤ ነገር ግን ችሮታን ማን ይከሳል?

እዚህ ላይ የታሪኩ ዋና ሰው ይመጣል። ጄምስ ማኪን ካቴል በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከ1891 ጀምሮ ያስተማረ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰርና «ሳይንስ» የተባለው መጽሔት አዘጋጅ ነበር። የካርኔጊን የጡረታ አሠራር አጥብቀው ከተቹት ሰዎች አንዱም እርሱ ነው። አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባችበት በ1917፣ ግዳጅ ወታደሮች ያለ ፈቃዳቸው ወደ አውሮፓ እንዳይላኩ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለምክር ቤት አባላት ጻፈ። በጥቅምት ወር ተባረረ። የታሪክ ሊቁ ቻርልስ ቢርድ በካቴል የጦርነት አቋም ሳይስማማ፣ መባረሩን በመቃወም ወዲያው ሥራውን ለቀቀ። ካቴል ግን ከደመወዙ ጋር ጡረታውም አብሮ እንደሄደ ተረዳ፤ ዩኒቨርሲቲውንም ከሰሰ። ጉዳዩ ከዓመታት በኋላ በገንዘብ ስምምነት አለቀ። በእኔ አስተያየት የካቴል ክስ ከብዙ መግለጫዎች ይልቅ አካዳሚያዊ ነጻነትን ያብራራል፤ ጡረታ የሥራ ውጤት እንጂ የመልካም ጠባይ ሽልማት አይደለም የሚል ክስ ነበርና።

በ1918 ነጻው የካርኔጊ ጡረታ ገንዘቡ እንደማይበቃ ስለታወቀ የመምህራን መድንና የዓመት አበል ማኅበር ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ መምህሩና ዩኒቨርሲቲው በጋራ ያዋጣሉ፤ የተጠራቀመውም በመምህሩ ስም በተጻፈ ውል ይያዛል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲቀይር ይዞት ይሄዳል። የሚገርመው፣ ላቭጆይና ካቴል ይህን ለውጥ ተቃውመውት ነበር። በነጻ ቃል የተገባልን ጡረታ ተወሰደብን፣ ሸክሙም ወደ እኛ ዞረ ብለው ነበር። ቅሬታቸው እውነት አለው። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ሆኖ ለሚመለከት ሰው፣ ተባርሮም ቢሆን ጡረታውን ይዞ የሚወጣ ፕሮፌሰር ከዚያ ውል ጋር ተወለደ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ታላቅ ለውጥ በ1952 መጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዋጋ ንረት ቋሚ አበልን ስለሸረሸረው፣ መምህሩ ከመዋጮው እስከ ግማሽ ድረስ በአክሲዮን ላይ እንዲያውል የሚያስችል አዲስ ፈንድ ተቋቋመ። በእኔ ንባብ ይህ የሒሳብ ለውጥ ብቻ አልነበረም። በ1900 በባቡር ባለሀብት ፊት ለፍርድ የቀረበው ፕሮፌሰር፣ በ1952 ራሱ ባለአክሲዮን ሆነ። ኩባንያዎችን በክፍል ውስጥ እየተቸ በጡረታው የእነርሱን የትርፍ ድርሻ ይበላል።

ይህ ቅራኔ በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ጉዳይ ፈነዳ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ተማሪዎችና መምህራን ዩኒቨርሲቲዎችና የጡረታ ፈንዶች በደቡብ አፍሪካ ከሚሠሩ ኩባንያዎች አክሲዮን እንዲወጡ ጠየቁ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «የአዛውንት መምህር ጡረታ የፖለቲካ መጫወቻ አይደለም» አሉ፤ ዛሬ የምንሰማው ቃል ማለት ነው። የፓርቲው መስመር ግን እንደዛሬው አልጠነከረም ነበር። በ1986 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ኢንቨስትመንት ከእነዚህ ኩባንያዎች ለማውጣት ሲወስን፣ ውሳኔውን የደገፉት ገዥ ዱክሜጂያን ሪፐብሊካን ነበሩ። በዚያው ዓመት የፕሬዚዳንት ሬገንን ተቃውሞ ሽሮ የማዕቀቡን ሕግ ያጸደቀው ሴኔትም በሪፐብሊካን አብላጫ የተያዘ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ሁለቱም ወገኖች ፈንዱ ከፖለቲካ ንጹሕ ይሁን ሲሉ ይሰማሉ። ታሪኩ ግን እንዲህ ያለ ፈንድ አላሳየኝም። በብረት ኩባንያ ቦንድ የተደገፈው ጡረታም ፖለቲካ ነበረው፤ ማንም ስላልጠየቀ አልታየም እንጂ። ስለዚህ የሚጠቅመው ጥያቄ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ውሉ ምን እንደሚል፣ መዋጮ ከፋዩ ድምፅ እንዳለውና እንደሌለው መጠየቅ ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሰናበታቸውን የምታስታውሱ አላችሁ። በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ወጣ፤ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። የጡረታ ገንዘባችን ከአክሲዮን ገበያ ጋር ይበልጥ በተቀራረበ ቁጥር፣ ይህን አክሲዮን ግዙ፣ ያንን ሽጡ የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ስለ ፈንዱ በግልጽ የሚናገሩ የምጣኔ ሀብትና የሕግ መምህራን ያስፈልጉናል። እነርሱ ደግሞ የሚናገሩት ጡረታቸው በአለቃ በጎ ፈቃድ ላይ ያልተንጠለጠለ መሆኑን ሲያውቁ ነው።

አንጋፋው መምህሬ አሁን በሕይወት የሉም። ፈሪ ናቸው ብዬ ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። እርሳቸው ያነሡት ጉዳይ ሕግና ውል የሚጠይቅ ነበር፤ እኔ ግን ድፍረት ብቻ ጠየቅኋቸው።

 መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው።