ድርቡሽ በቪዲዮ ቤት

በ1995 ዓ.ም. ገደማ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች። ቤት አልኳት እንጂ ቆርቆሮ ክዳን፣ መስኮቷ በጆንያ የተጋረደ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረባት ጎጆ ቢጤ ናት። በር ላይ ሒሳብ የሚቀበሉት የባለቤቱ አባት ነበሩ፤ ሐጂ እንላቸዋለን። ሐጂ ፊልም የሚባል ነገር አይወዱም። ስለዚህ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ፣ ፊታቸውን ለገበያው ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። ሳንቲሙን ይቀበላሉ፣ ይመርቃሉ፣ አለቀ።

ያን ቀን ልጃቸው "የበረሃ ጦርነት ነው፣ ባለ ሦስት ሲዲ ነው" ብሎ የከተተው ፊልም "ዱን" ይባላል። እንግሊዝኛው ለአብዛኞቻችን ባይገባንም አሸዋውና ጩቤው አስተርጓሚ አይፈልግም። መሃል ላይ "ማህዲ! ማህዲ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ሐጂ ዞር አሉ።

"ምን አለ? ማህዲ ነው ያለው?"

"አዎ ሐጂ።"

"ማህዲማ የኛ ጣጣ ነው። ፈረንጅ ደግሞ ከየት አመጣው?"

ጥቂት ቆይቶ ጀግናውን "ሙአድዲብ" ሲሉት ሐጂ ሳቁ። "አደብ አስያዥ ማለት እኮ ነው! አደብ ግዛ እንል የለ?" አሉና ወንበራቸውን ግማሽ አዞሩት። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ግማሹን።

ፈረንጁ ከየት እንዳመጣው ያወቅኩት ኋላ ነው። ፍራንክ ኸርበርት የተባለ አሜሪካዊ መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ ይባል እንጂ ከመንኮራኩሩ ይልቅ ሃይማኖቱ ይበዛል። ውሃ እንደ ወርቅ የሚሰፈርባት በረሃማ ፕላኔት አለች። አባቱ የተገደለበት የመሳፍንት ልጅ ወደ በረሃ ሰዎች ይሸሻል። እነሱም "ስንጠብቅህ የኖርነው አንተን ነው" ይሉታል። ኸርበርት በሌዝሊ ብላንች መጽሐፍ ላይ ያነበበውን የኢማም ሻሚልን ታሪክ፣ ማለትም የካውካሰስ ሙስሊሞች ከሩሲያ ጋር ያደረጉትን ጦርነት፣ በብዙ ተጠቅሞበታል። ማህዲ የሚለው ስም ግን እኛን በቀጥታ ወደ ሱዳን ይወስደናል።

መጽሐፉ አንድ ፍርሃት አለው። ጀግናው በስሙ የሚነሱት ተከታዮቹ ዓለሙን ሁሉ በደም ሲያጥቡት አስቀድሞ ይታየዋል፤ ሊያስቆማቸው ግን አይችልም። ዴቪድ ሊንች እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ሲኒማ ሲያመጣው ያ ፍርሃት ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ፊልም ውስጥ ቦታ አጣ። ጭራሽ መጨረሻው ላይ ጀግናው በደረቁ ፕላኔት ላይ ዝናብ ያዘንባል። በመጽሐፉ ይህ የለም! ዝናብ ካዘነበማ እውነተኛ ነቢይ ነው፤ ምን ያስፈራል? ፊልሙን ለቴሌቪዥን ብለው ሲያስረዝሙት ደግሞ ሊንች ስሙን ከላዩ አስነስቷል።

እኛ ሰኞ ገበያ ያየነው ሁለተኛውን ሙከራ ነው። ጆን ሃሪሰን ለቴሌቪዥን አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 በሦስት ክፍል የታየውን ማለት ነው። የተቀረጸው በአብዛኛው ፕራግ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ካሜራውን የያዘው ስመ ጥሩው ቪቶሪዮ ስቶራሮ ሲሆን፣ ከሰዎቹ ኋላ የሚታየው በረሃ ትልቅ ሸራ ላይ ያለ ሥዕል ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ሸራነቱ ያስታውቃል። በእኛ በደበዘዘው ቴሌቪዥን ግን ማን ለይቶት! እኔ ከሊንቹ ይልቅ ይኼኛውን እመርጣለሁ። መልኩ ድሃ ነው፤ ጊዜ ስላገኘ ግን ያንን ፍርሃት መልሶ አስገብቶታል።

የሐጂ መዞር አሁንም የሚያስደንቀኝ ለዚህ ነው። ከደሴ በስተሰሜን፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ የጠሩበት፣ የወሎ ሙስሊም ክርስትና ይነሳ የተባለበት ነው። መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው በኋላ ንጉሥ ለመሆን በቁ። ሼህ ጦልሃ ግን እምቢ ብለው ሸፈቱ፤ ከሱዳን ማህዲስቶችም ጋር ተላላኩ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ። በ1881 ዓ.ም. አፄው መተማ ላይ ወደቁ።

"በኛ ቤት" አሉ ሐጂ ያን ለት፣ "አንዱ አያቴ ከሼህ ጦልሃ ጋር ዱር የገባ ነው። የናቴ አባት ደሞ ከራስ ሚካኤል ጋር ዘምቶ መተማ የቀረ። ሁለቱም ለሃይማኖቴ ነው ያሉት። እኛ በአንድ ዱዓ ነው የምናነሳቸው፤ ምን እናርግ?"

ቪዲዮ ቤቱ ዝም አለ። ፊልሙ ይጮሃል፣ የሚያየው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2021 "ዱን" እንደገና ለሲኒማ ተሠራ። ግሩም ነው፤ በረሃውም የእውነት በረሃ ነው። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው "ጂሃድ" የሚለው ቃል ወጥቶ "ቅዱስ ጦርነት" ተብሏል። ከመስከረሙ የኒውዮርክ ጥቃት ወዲህ ቃሉ ምን እንደሚቀሰቅስ ስለሚያውቁ ይሆናል፤ አልፈርድባቸውም። ግን ቃሎቹ እየተለቀሙ ከወጡ፣ በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ ሰው በምን ይዞራል? ደግሞ የሰው ፊልም እየገመገምኩ እንጂ የቦሩ ሜዳን ነገር በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ እስካሁን እኔ አላየሁም። አንዴ እንኳን ቢሠራ፣ ድጋሚውን የሚሠራ ሌላ ሰው አይጠፋም ነበር።

ያን ቀን ሦስተኛው ሲዲ ተጫጭሮ ኖሮ አልሠራ አለ። ሐጂ ግን ነገሩ ከልባቸው አልወጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ ደሴ ስመለስ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ "ያ ማህዲ ምን ሆነ?" አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2003 ተከታዩ ክፍል በቴሌቪዥን ተሠርቶ ነበርና ነገርኳቸው። ዓይኑ ጠፍቶ ብቻውን ወደ በረሃ ሄደ አልኳቸው።

"የሱዳኑስ በበሽታ ነው የሞተው" አሉ። "ካርቱምን በያዘ በአምስት ወሩ።"

ፊታቸውን ወደ ገበያው መልሰው ሳንቲሙን መቁጠር ቀጠሉ።