የመውጫ ብረት ታሪክ፦ አጭር ጥፍር ወይስ ረጅም?

የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ ደን ልማት አንድ ታሪክ ቀመስ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ ስለ ችግኝ ጣቢያዎቻችን ለመጻፍ አስቤ ነበር። ሆኖም በዚህ ዓመት ከሦስት መሠረታዊ ማኅበራት ለዩኒየኑ የቀረበ የግዢ ጥያቄ ሐሳቤን አስቀየረኝ። ጥያቄው ዛፍ ለመውጣት የሚያገለግል ብረት ይገዛልን የሚል ነው። አንዱ ማኅበር «አጭር»፣ ሌላው «ረጅም» ብሎ ሲጽፍ ሦስተኛው ስለ ርዝመቱ ምንም አላለም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በብረቱ ላይ የሚቆመው የአባሎቻችን ልጅ ነው፤ ብረቱ የሚወጋውም ብዙ ጊዜ ዘር የምንለቅምበት ዛፍ ነው።

ብረቱን ለማያውቁ አንባቢያን በአጭሩ ለመግለጽ፣ ከባት ውስጠኛ ጎን ጋር በጠፍር የሚታሰር፣ ከጫማ ሥር የሚያልፍና ከቁርጭምጭሚት አጠገብ ወደ ታች የሾለ ጥፍር ያለው መሣሪያ ነው። ወጪው ወገቡንና ግንዱን በቀበቶ አያይዞ ጥፍሩን እየወጋ ይወጣል። አጭሩ ጥፍር 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ረጅሙ ደግሞ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሁለቱ ልዩነት 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆንም ከጀርባው ረጅም ታሪክ አለው።

ከብረቱ በፊት የሰው ልጅ ዛፍ የሚወጣው በእጁ፣ በገመድና ግንዱን በመቦርቦር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1642 የደቹ መርከበኛ አቤል ታዝማን ዛሬ ታዝማኒያ በምትባለው ደሴት ሲደርስ፣ ወደ ባሕሩ ዳር የወረዱት ሰዎቹ በትላልቅ ዛፎች ግንድ ላይ በድንጋይ መሣሪያ የተበሱ መርገጫዎችን አይተዋል። በአንዱና በሁለተኛው መርገጫ መካከል የነበረው ርቀት አምስት ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነባቸው የአገሩ ሰዎች ግዙፎች ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው ገመቱ። ግዙፎች ግን አልነበሩም፤ ዛፍ መውጣት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ እንጂ። ይህቺ ደሴት ለእኛም ባዕድ አይደለችም፤ በየደጃችን የቆመው ነጭ ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ እዚያው ነው። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ላቢያርዲየር ናሙናውን ከታዝማኒያ የሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ1792 ሲሆን በሳይንሳዊ ስሙ የመዘገበውም እሱ ነው።

የብረቱ ታሪክ የሚያያዘው ከሽቦ ጋር ነው። ሳሙኤል ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1844 ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር የቴሌግራፍ መስመር ከዘረጋ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች የእንጨት ምሰሶ ተተከለ። ምሰሶውን በየቀኑ የሚወጡ ሠራተኞች ያስፈልጉ ነበርና የመውጫ ብረት የዘወትር መሣሪያቸው ሆነ። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ምሰሶ ማለት የተላጠና የደረቀ እንጨት መሆኑን ነው። ቅርፊት የለውም። ስለዚህ አጭር ጥፍር ወዲያውኑ ጠንካራውን እንጨት ያገኛል። ረጅም ጥፍር ቢሆን ሁሉም አይገባም፤ ትርፉ ርዝመት እግርን ከግንዱ ያርቃል፣ ቁርጭምጭሚትን ያጣምማል፣ ጥፍሩም ተፈናጥሮ ሊወጣ ይችላል።

በሌላ በኩል በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የነበሩ እንጨት ቆራጮች የሚወጡት ቆሞ ያለ ዛፍ ነበር። በዚያ አካባቢ የሚበቅለው ዳግላስ ፈር የተባለ ዛፍ ሲያረጅ ከሥሩ አካባቢ ቅርፊቱ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሊወፍር ይችላል። የሽቦ ሠራተኛው አጭር ጥፍር በእንዲህ ያለ ቅርፊት ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል እንጂ እንጨቱን አይነካም፤ ቅርፊቱ ሲገነጠል ሰውየውም አብሮ ይወርዳል። ረጅሙ ጥፍር የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ርዝመቱን የሚወስነው የወጪው ቁመት ወይም ጉልበት ሳይሆን ቅርፊቱ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ አንድ ግጥምጥሞሽ እናገኛለን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ የሚደርሰው የስልክ መስመር ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 እንደሆነ ይነገራል። ባሕር ዛፍም በፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ አማካይነት ወደ አገራችን የገባው በዚያው ሰሞን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሽቦውና ዛፉ አንድ ላይ መጡ ማለት ይቻላል፤ ከጊዜ በኋላም አንዱ ለሌላው ተሸካሚ ሆነ። የገጠሩ ሕዝብ የመውጫ ብረትን በብዛት ያየው በስልክና በመብራት ሠራተኞች እግር ላይ ነው፤ የለመድነውም አጭሩን ነው። (ዛሬ የኮንክሪት ምሰሶ እየበዛ ስለሆነ ወጣቶቻችን እሱንም የሚያዩበት ጊዜ እያጠረ ነው።)

ነገር ግን የእኛ የራሳችን የዛፍ መውጣት ሙያ ከብረቱ ጋር ዝምድና የለውም። በከፋና በሸካ ደኖች ማር አምራቾች ባህላዊ ቀፎን በረጃጅም ዛፎች ላይ የሚሰቅሉት በገመድና በሐረግ እየወጡ ነው። ዛፉ ለዓመታት ቀፎ ተሸክሞ፣ አንዳንዱም ራሱ አብቦ ንቡን የሚመግብ በመሆኑ ማቁሰል ኪሳራ ነው። በአውስትራሊያም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1946 ጂም ዋትሰን የተባለ የደን ባለሙያ፣ ግሎስተር የተሰኘው ግዙፍ ካሪ ባሕር ዛፍ ለእሳት መጠበቂያ ማማ ይሆን እንደሆነ ለማየት በመውጫ ብረትና በቀበቶ 58 ሜትር ወጣ፤ ወጥቶ ለመውረድ ስድስት ሰዓት ፈጅቶበታል። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ ለሚመላለሰው ጠባቂ ግንዱ ላይ ችካል ተመትቶ መሰላል ተሠራለት እንጂ ብረት አልተሰጠውም።

እኔ ይህን ጉዳይ በቁም ነገር መያዝ የጀመርኩት ዲፕሎማ ስማር ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት ጊዜ ነው። የጥድ ዘር ሊለቅም የወጣው ወጣት የታጠቀው ብረት ከቁራሊዮ የተገዛና በሞረድ ብዛት ያለቀ ነበር። የጥድ ቅርፊት በረጅሙ እየተላጠ የሚወርድ መሆኑ ይታወቃል። ከመሬት አራት ሜትር ያህል እንደወጣ የግራ እግሩ ቅርፊቱን ይዞ ተንሸራተተ፤ ቀበቶው ባይይዘው ኖሮ የሚሆነውን አላውቅም። ደረቱና ክንዱ ተልጦ ወረደ። አብረውን የነበሩ አንድ አዛውንት አርሶ አደር «ልጄ፣ እኛ ይህን ዛፍ በጠፍር ነበር የምንወጣው፤ ብረቱን ማን አመጣባችሁ?» አሉት። መልስ የሰጣቸው አልነበረም። በአሜሪካ የሽቦ ሠራተኞች ዘንድ አጭሩ ጥፍር ተሞርዶ ከ1 ኢንች ከሩብ፣ ማለትም ከ3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲያንስ ብረቱ ከሥራ እንደሚወጣ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። የእኛው ያን ያህል እንኳ አልነበረም።

«ታዲያ ለጥድ ረጅሙን እንግዛ» የሚል ይኖራል። ለወጪው ደኅንነት ይሻላል፤ ለዛፉ ግን የባሰ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው እርጥብ ሽፋን ዛፉ የሚወፍርበትና ቁስሉን የሚጠግንበት ክፍል ሲሆን እያንዳንዱ የጥፍር እርምጃ እሱን በስቶ ለፈንገስና ለተባይ በር ይከፍታል። ዘር የሚሰጥ ዛፍ በየዓመቱ ይወጣበታል፤ ስለዚህ ቁስሉ በቁስል ላይ ይደራረባል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሚወጣው የዛፍ እንክብካቤ ደረጃም ቆሞ የሚቀር ዛፍ ሲከረከም በመውጫ ብረት መጠቀም የተከለከለ ነው። የሚፈቀደው ሰው ለማዳንና ለመሳሰሉት አስቸኳይ ሁኔታዎች፣ ገመድ ለመወርወር ለማይመች ዛፍ፣ ወይም ቅርፊቱ ወፍሮ ጥፍሩ እርጥቡን ሽፋን ለማይጎዳበት ዛፍ ነው።

በመሆኑም የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሊቆረጥ ለተወሰነና ቤት አጠገብ በመሆኑ በቅድሚያ ቅርንጫፉ መውረድ ላለበት ባሕር ዛፍ አጭሩ ብረት በቂ ነው፤ ከሥሩ የተንጠለጠለው ልጥ ቅርፊት ቀድሞ ይገፈፍ። ቅርፊቱ ወፍራም ለሆነና ለሚቆረጥ ያረጀ ዛፍ ረጅሙ ይታሰብ። ለዘርና ለቀፎ ዛፍ ግን አጭርም ረጅምም አይገዛ። በዚያ ገንዘብ ጥሩ ገመድ፣ ቀበቶ፣ መሰላልና እጀታው የረዘመ መቁረጫ ይገዛ፤ ዘሩ የሚወርድበት ሸራም ከሥር ይነጠፍ። አንዳንድ ኃላፊዎች ገመድ ሥራ ያዘገያል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ያዘገያል። በተለይ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የአረንጓዴ አሻራ የችግኝ ፍላጎት ከፍ ስላለ የዘር ለቀማው ጥድፊያ በዝቷል፤ ጥድፊያው ግን የዘር ዛፎቻችንን የሚጨርስ መሆን የለበትም።

የግዢው ጉዳይ ለሚቀጥለው የሥራ አመራር ቦርድ ስብሰባ ተይዟል። እስከዚያው ሦስቱም ማኅበራት በጥያቄአቸው ላይ የሚወጡትን ዛፍ ስምና ዛፉ የሚቆረጥ ወይም ቆሞ የሚቀር መሆኑን ጽፈው እንዲልኩ ጠይቄአለሁ። የሁለቱ ደርሶኛል፤ «አጭር» ያለው ማኅበር ለጥድ ዘር፣ «ረጅም» ያለው ደግሞ ለሚቆረጥ ባሕር ዛፍ ነው። የሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነው።